የስፖርት ወጌሻ በክሊኒክ ውስጥ፦ ለሸዋ ሮቢትና ለጀውሃ የሚሆን የሥራ መመሪያ

ሰሜን ሸዋ ያፈራው አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ባገኛቸው ሁለት የማራቶን ወርቆች ላይ ሦስተኛ ሊጨምር እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ገባ። ውድድሩ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ግራ እግሩን አመመው። ሐኪሞች መርምረው ከሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ቀጭኑ መሰንጠቁን ደረሱበት፤ እስከ ውድድሩ ዕለት እግሩን እንዲያሳርፍም መከሩት። በዕለቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የወሰደው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነበር።

የሯጭ አጥንት ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይሰነጠቅም። መጀመሪያ ከልምምድ በኋላ ብቻ ያማል፤ ቀጥሎ በልምምድ መካከል፤ በመጨረሻ ሌሊት ተኝተውም ያማል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት ሐኪሙ ያለው ሆስፒታል ነው፤ ሜዳ ላይ አትሌቱን በየቀኑ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ያ ሰው ወጌሻ ይባላል። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ዳኛው ሲጠራው ወደ ሜዳ የሚሮጠው፣ ቁርጭምጭሚት የሚያሽገው፣ ማን ትናንት እንዳነከሰና ማን ሕመሙን ደብቆ እንደሚሮጥ የሚያውቀው እሱ ነው። በአሜሪካ የሙያው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ካንሳስ ሲቲ ላይ ማኅበር መሠረቱ፤ በ1990 ደግሞ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሥራቸውን የጤና ሙያ ብሎ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ከሜዳ ዳር ወደ ስፖርት ሕክምና ክሊኒኮች ገብተው ከሐኪሙ ጎን ይሠራሉ፦ የጉዳቱን ታሪክ ይቀበላሉ፣ መገጣጠሚያውን ይፈትሻሉ፣ እንቅስቃሴ ያስተምራሉ፣ ታካሚው ወደ ሜዳ እስኪመለስ ይከታተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የስፖርት ሐኪሞች ከተራ የክሊኒክ ረዳት ጋር የሠሩበትን ጊዜ ከስፖርት ወጌሻ ጋር ከሠሩበት ጊዜ ጋር አነጻጽሮ፣ ከወጌሻው ጋር ሲሠሩ ያዩት ታካሚ ቁጥር አንድ አምስተኛ ገደማ ጨምሮ አገኘው።

ሥራን እንዲህ መከፋፈል ለኢትዮጵያ ጤና አገልግሎት እንግዳ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐኪም በሌለበት ወረዳ የሚሠሩ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በቡድን አሰልጥኖ አሰማርቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሄደበት መንገድም ይኸው ነው። የሁለቱም ጥንካሬ ማን ምን እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያቆም በግልጽ መጻፉ ላይ ነበር።

ከታች ያለው አሠራር የተዘጋጀው በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃና በይፋት ቆላ ለሚሠሩ የጤና ጣቢያና የክሊኒክ ኃላፊዎች፣ ለወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና ለቡድን መሪዎች ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢት የምትገኘው 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃኑ ሐኪም ግዛው ሆስፒታል የሚላክ ጉዳተኛ በደብረ ሲናና በጣርማ በር አቀበት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ይህ ርቀት እያለ፣ ማን መላክ እንዳለበትና ማን እዚያው መዳን እንደሚችል የሚለይ ሰው ማግኘት የቤተሰብን ገንዘብም የሰውን እግርም ያተርፋል።

አንደኛ፦ ከመቅጠር በፊት ሦስት ወር መመዝገብ

ሥራው የሚጀምረው በአንድ ደብተር ነው። በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ለሦስት ወር እያንዳንዱን የስፖርት ጉዳት በአንድ መስመር ያስመዝግቡ፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የስፖርት ዓይነት፣ የተጎዳው አካል፣ ጉዳቱ ከደረሰ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ቀድሞ የባህል ወጌሻ ዘንድ ተሄዶ እንደሆነ፣ ራጅ ታዞ እንደሆነና ውጤቱ። ከስምንቱ ሁሉ ብዙ የሚናገረው “ስንት ቀን ቆይቶ መጣ” የሚለው ነው። አብዛኛው ጉዳተኛ ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ከሆነ ወጌሻው የሚያስፈልገው ሜዳ ላይ ነው። በማግሥቱ መጥቶ ግን ተመልሶ የማይታይ ከሆነ የሚያስፈልገው ለክትትል ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለቆላው ይጨመር፦ “በሳምንቱ ምን ሥራ ትሠራለህ?” በቀወት አካባቢ እሑድ ኳስ የሚጫወት ወጣት ሰኞ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሊውል ይችላል፤ በማሾ ለቀማ ጊዜም እንዲሁ። “ለሁለት ሳምንት ዕረፍ” የሚል ትእዛዝ ለእሱ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ማጣት ነው። ኑሮውን ሳይጠይቁ የሰጡት ምክር አይፈጸምም። ወጌሻው የትኛው ሥራ እግሩን እንደሚጎዳና የትኛው እንደማይጎዳ ለይቶ ቢነግረው ግን ጉልበቱንም እንጀራውንም ይጠብቃል።

ሁለተኛ፦ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን መምረጥ

ለቦታው የሚበቁ ሰዎች ከሦስት በር ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት ያስመርቃሉ። ከተገኙ ቅድሚያ ለእነሱ ነው። ሁለተኛዎቹ ስፖርት የሚወዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው፤ ሕክምናውን ያውቁታል፣ የሚቀራቸው የእንቅስቃሴ ትምህርት ነው። ሦስተኛዎቹ የስፖርት ሳይንስ ምሩቃንና ለዓመታት ቡድን ያገለገሉ ወጌሻዎች ናቸው፤ ሜዳውንና ልጆቹን ያውቃሉ፣ የሚቀራቸው አደገኛ ምልክቶችን መለየት ነው።

የጤና ባለሙያ ፈቃድ የሌለው ሰው ከተመረጠ ራሱን ችሎ ሕክምና አይሰጥም፤ በስም በተጠቀሰ ባለፈቃድ ባለሙያ ሥር ይሠራል፣ የሚሞላውን ካርድም ያ ባለሙያ ይፈርማል። ከመጀመርዎ በፊት የሥራ ዝርዝሩን ይዘው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይሂዱና በጽሑፍ ያሳውቁ።

ከተቻለ ሁለት ሰው ቢቀጠርና አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ስለ ጭን፣ ስለ ብሽሽት ወይም ስለ ወር አበባ መጥፋት ለወንድ መናገር የሚከብዳቸው ሯጮች ብዙ ናቸው። ሴት ወጌሻ ከሌለች ምርመራው ሴት ነርስ ባለችበት ይሁን።

ለመጀመሪያው ወር የሚሰጥ ስልጠና በአራት ነገሮች ላይ ይወሰን፦ የልብና የሳንባ ማስጀመር ልምምድ፣ የአጥንት ስብራት ጥርጣሬ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሙቀት ጉዳት። ሌላው በሥራ ላይ ይማራል።

ሦስተኛ፦ ሦስት ዝርዝር በአንድ ወረቀት

በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይኑር። የመጀመሪያው ክፍል ወጌሻው ሳያስፈቅድ የሚሠራውን ይዘረዝራል፦ ታሪክ መቀበል፣ እብጠትና የመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ መለካት፣ በፋሻ ማሰር፣ ክራንች አያያዝ ማሳየት፣ የታዘዘ እንቅስቃሴ ማስተማር፣ ስልክ ደውሎ መከታተል። ሁለተኛው ከሐኪሙ ወይም ከጤና መኮንኑ ትእዛዝ በኋላ የሚሠራውን ይይዛል፦ ድጋፍ ማልበስ፣ የማገገሚያ መርሐ ግብር መጀመር፣ ታካሚውን ከደረጃ ወደ ደረጃ ማሸጋገር። ሦስተኛው በፍጹም የማይሠራው ነው፦ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ የወለቀ መገጣጠሚያ መመለስ፣ ስብራት ማቅናት፣ ጭንቅላቱ የተመታን ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ሜዳ መመለስ።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ገብቶ ወዲያው ፍሬ የሚሰጥ አንድ መሣሪያ አለ። በካናዳ ኦታዋ ኢያን ስቲል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ደንብ ለታመመ ቁርጭምጭሚት ራጅ መቼ እንደሚያስፈልግ በጣትና በአራት እርምጃ መለየት ይቻላል። ወጌሻው የሚከተሉትን ይፈትሻል፦

• በውጭ በኩል ባለው የቁርጭምጭሚት እብጥ አጥንት የኋላ ጠርዝ (የታችኛው 6 ሳንቲ ሜትር) ወይም ጫፍ ላይ ሲጫን ያማል?
• በውስጥ በኩል ባለው አጥንት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያማል?
• በእግሩ ጎን፣ በትንሿ ጣት አቅጣጫ መሐል ላይ ወጣ ያለው አጥንት ሲጫን ያማል? ከእግር ቅስት በላይ በውስጥ ጎን ያለውስ?
• ጉዳቱ እንደደረሰም አሁንም አራት እርምጃ መራመድ አቅቶታል?

ሕመሙ በቁርጭምጭሚት ወይም በመሐል እግር ላይ ሆኖ ከእነዚህ አንዱ “አዎ” ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። ሁሉም “የለም” ከሆነ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ደንቡ አላስፈላጊ ራጅን ከ30 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ለሕፃናት፣ ለሰከረ ወይም ስሜቱ ለደነዘዘ ሰው ግን ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

አራተኛ፦ የሰኞ ጠዋት አሠራር

ጨዋታ የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ለስፖርት ጉዳት ብቻ ይመደብ። ጉዞው እንዲህ ይሁን። ተጫዋቹ ካርድ ካወጣ በኋላ መጀመሪያ ወጌሻው ዘንድ ይገባል። ወጌሻው እንዴት እንደተጎዳ ይጠይቃል፦ ሲታጠፍ ድምፅ ተሰማ? ወዲያው አበጠ ወይስ በማግሥቱ? ጨዋታውን ጨረሰ ወይስ ወጣ? ጉልበቱ ወዲያው ያበጠ፣ ሲጠመዘዝ “ጷ” ያለና ከዚያ ወዲህ የሚከዳው ሰው የውስጥ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ካርዱ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግበታል።

ቀጥሎ ወጌሻው ጤናማውን እግር ቀድሞ፣ የታመመውን በኋላ ይፈትሻል። ያገኘውንም በአራት መስመር ይጽፋል፦ የሆነው ነገር፣ የታየው፣ የሚጠረጠረው፣ ለሐኪሙ ያለው ጥያቄ። ሐኪሙ ሲገባ ካርዱ ዝግጁ፣ ጫማው የወለቀ፣ እግሩ የተገለጠ ታካሚ ያገኛል፤ ጊዜውን በሙሉ ለምርመራና ለውሳኔ ያውለዋል። ሐኪሙ ከወሰነ በኋላ ታካሚው እንደገና ወደ ወጌሻው ይመለሳል፤ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ እዚያው ወጌሻው ፊት ሠርቶ ያሳያል። ወረቀት ላይ የተጻፈ እንቅስቃሴ እቤት ሲደርስ ይረሳል፤ በአካል የተሠራው ይቀራል።

ትኩሳት ያለው አትሌት ሲመጣ ቆላው የራሱ ሕግ አለው። “ድካም ነው፣ ልምምድ በዝቶብኝ ነው” የሚል ሯጭ ሁሉ የወባ ምርመራ ሳይደረግለት ወደ ቤት አይላክ።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያው ሰዓት

የክሊኒኩ ወጌሻ ቢያንስ በውድድር ቀን ሜዳ ላይ ይገኝ። እዚያ የሚጠብቁት አራት አደጋዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱም አስቀድሞ የተጻፈና የተለማመዱት ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። የአምቡላንሱ ሾፌር ስልክ ቁጥር በወጌሻው፣ በአሰልጣኙና በዳኛው እጅ ይኑር። የሜዳው በር ሰፊ መሆኑና ቁልፉ የማን ጋር እንዳለ ጨዋታው ሳይጀመር ይረጋገጥ።

ሙቀት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። ከደጋ ወርዶ በግንቦት ፀሐይ የሚጫወት ቡድን ሰውነቱ ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በሩጫ ወይም በጨዋታ መካከል የሚደናገር፣ የሚንገዳገድ፣ ያልተገናኘ ነገር የሚናገር ወይም የሚወድቅ ሰው የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከቀዘቀዘ የመዳን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው። ገንዳ ከሌለ ሸራ ይበቃል፤ አትሌቱን በሸራው ላይ አስተኝቶ አራት ሰው ጠርዙን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ በጀሪካን የተዘጋጀው ቀዝቃዛ ውሃና ከመጠጥ ቤት የመጣው በረዶ ይጨመርበታል፣ ውሃው እየተናወጠ ይቆያል። ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ ይሁን፤ ለተደናገረ ሰው በአፉ ምንም አይሰጠው። ውሃ፣ በረዶና ሸራ የሌለበት ሜዳ ላይ በቆላ ቀትር ጨዋታ አይጀመር። ልምምድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን።

ልብ። ማንም ሳይነካው የወደቀና መልስ የማይሰጥ ተጫዋች ልቡ እንደቆመ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን እንዲህ ሲወድቅ በደቂቃ ውስጥ ደረቱ መጫን ስለጀመረና የልብ ማስነሻ መሣሪያ ስለደረሰለት ተርፎ ወደ ሜዳ ተመልሷል። መሣሪያው በሌለበትም እጅ አለ፦ የደረት መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ያለማቋረጥ፣ በየሁለት ደቂቃው ሰው እየተቀያየረ።

ጭንቅላት። ተመትቶ ግራ የተጋባ፣ ራሱን ያዞረው፣ ውጤቱን የረሳ ተጫዋች ይወጣል፤ በዚያ ቀን አይመለስም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አንገቱን ካመመው ወይም እጅ እግሩ ከደከመ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይላካል። ከእነዚህ አንዱም ባይታይበት እንኳ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ዕረፍት ያደርጋል፤ ከዚያ ከእግር ጉዞ ጀምሮ በስድስት ደረጃ ይመለሳል፣ ንክኪ ያለው ልምምድ የሚጀምረው ምልክቱ ጠፍቶ ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ነው።

የተሰበረ እግር። ቅርጹ የተለወጠ እግር ባለበት ሁኔታ በመደገፊያ ይታሰራል፤ አይሳብም፣ አይታሽም። ከታሰረ በኋላ ወጌሻው የእግር ጣቶችን ይነካል፦ ይሞቃሉ? ይሰማዋል? ማንቀሳቀስ ይችላል? ይህን በየ15 ደቂቃው እስከ ሆስፒታል ድረስ ይደግማል።

ስድስተኛ፦ ከሦስተኛው ቀን እስከ ሦስተኛው ወር

ስፖርተኛ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሲቀንስ ይሮጣል፣ ሳይጠነክር ይመለሳል፣ ያው ቦታ እንደገና ይጎዳል። ወጌሻው ከሐኪሙ የበለጠ የሚጠቅመውም እዚሁ ላይ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሊያየው የሚችል እሱ ነውና።

ለወለምታ የሚበቃ መርሐ ግብር ምንም ውድ ዕቃ አይፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፋሻ ማሰር፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሕመሙ በፈቀደው መጠን መራመድና በአውራ ጣት ፊደል በአየር ላይ መጻፍ። ቀጥሎ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ማሰሪያ እግርን ወደ አራቱም አቅጣጫ መግፋት፣ በአንድ እግር መቆም፣ በአንድ እግር ጣት ላይ መነሣት። በመጨረሻ መዝለል፣ መዞር፣ በድንገት መቆም። ወደ ጨዋታ የሚመለስበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ አይወስነውም፤ ፈተና ይወስነዋል፦ በአንድ እግር ጣት የሚነሣው ብዛት ከጤናማው ጋር ሲስተካከል፣ በአንድ እግር የሚዘለው ርቀት ከጤናማው ቢያንስ 90 በመቶ ሲሆን፣ ሙሉ ልምምድ ጨርሶ በማግሥቱ እግሩ ሳያብጥ ሲቀር።

የተረከዝ ጅማት ትዕግሥት ይፈልጋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ነበር፤ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እስከ ኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ድረስ ከውድድር ርቋል። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት መንገድ በደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ዝቅ ማድረግ ነው፦ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። በሦስተኛው ሳምንት “ምንም አልተለወጠም” ብሎ የሚያቆመውን ሰው በሥራው የሚያቆየው የወጌሻው ስልክ ነው።

ወጌሻው ለጤነኞችም ይሠራል። በፊፋ የተዘጋጀው 11+ የተባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከኳስ በቀር ምንም አይፈልግም። በኖርዌይ ከ1,800 በላይ ልጃገረዶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አጠቃላይ ጉዳትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ተንበርክኮ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት ወደፊት ቀስ ብሎ መውደቅን የሚያሠራው ልምምድ ደግሞ የጭን ኋላ ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሁለቱን ለአካባቢው አሰልጣኞች በአንድ ከሰዓት ማስተማር ይቻላል።

የጾም ወራት በይፋት ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የልምምዱን መልክ ይለውጣሉ። በረመዳን ከባዱ ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ይዛወር፤ በዐቢይ ጾም ሽሮ፣ ምስርና ማሾ በበቂ መጠን መበላታቸው ይጠየቅ። በቂ ሳይበሉ ብዙ የሚሮጡ ልጆች አጥንታቸው ይሳሳል፤ የወር አበባዋ ለሦስት ወር የቀረባትና ቅልጥሟ ላይ አንድ ነጥብ የሚያማት ሯጭ ሩጫ አቁማ ሐኪም ታይ።

ሰባተኛ፦ ከባህል ወጌሻ ጋር መነጋገር

በገጠሩ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው የባህል ወጌሻ ዘንድ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው፦ ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ሌሊትም ይገኛል። ክሊኒኩ ይህን እንደ ተቀናቃኝ ከቆጠረው የሚጎዳው ታካሚው ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር እንዲቆረጥ ከሚያደርጉ ምክንያቶች ውስጥ በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ተደጋግሞ ተመዝግቧል። እብጠቱ ሲጨምር ማሰሪያው አይሰፋም፤ ደም ይቆማል፣ ሥጋው ይሞታል።

የአካባቢውን የባህል ወጌሻዎች በአክብሮት ጠርተው በአንድ ቡና ዙሪያ ሦስት ነገር ይስማሙ። ቆዳ የቀደደ ስብራት አይነካም፣ ይላካል። የታሰረ እግር ወይም እጅ በየጥቂት ሰዓቱ ይታያል፤ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከመጠን በላይ ከሆነ እስሩ ወዲያው ተፈትቶ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ታካሚ የላከ የባህል ወጌሻ ደግሞ ስሙ ተጠርቶ ይመሰገናል፣ የታካሚው ውጤትም በታካሚው ፈቃድ ይነገረዋል። የክሊኒኩ የስፖርት ወጌሻ የዚህ ግንኙነት ድልድይ ይሁን።

ስምንተኛ፦ መድኃኒት፣ ምስጢርና ግፊት

ወጌሻው መድኃኒት ባያዝም ስለ ክልከላው ማወቅ አለበት። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመርፌ የሚሰጥ ስቴሮይድ፣ ጉልበት ውስጥ የሚወጋው ጭምር፣ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው፤ ትራማዶልም ከጥር 2024 ጀምሮ በውድድር ወቅት ተከልክሏል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ለውድድር የሚዘጋጅ አትሌት ካርድ ላይ “ተወዳዳሪ” የሚል ማኅተም ይደረግ፤ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ዝርዝሩን ያያል፤ አጠራጣሪ ሲሆን የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣንን ይጠይቃል።

ወጌሻው በሁለት አለቃ መካከል መቆሙ አይቀርም። አሰልጣኙ ለእሑዱ ጨዋታ አጥቂውን ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ገና ነው ይላል። ስለዚህ የክሊኒኩና የቡድኑ ውል ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ተጫዋች “ይጫወታል” ወይም “አይጫወትም” የሚለው ውሳኔ የሕክምናው ወገን ነው፣ ወጌሻውም በዚህ ምክንያት ከሥራ አይነሣም። ለአሰልጣኙ የሚነገረው ምን መሥራት እንደሚችልና መቼ እንደሚመለስ ብቻ ነው። የቀረው የታካሚው ምስጢር ነው።

ዘጠነኛ፦ ክፍያና ልኬት

የወጌሻውን ደመወዝ ክሊኒኩ ብቻውን ላይችለው ይችላል። ሳምንቱን መከፋፈል ያዋጣል፦ ሁለት ቀን በክሊኒክ፣ ሁለት ቀን በትምህርት ቤቶችና በቡድኖች ልምምድ ላይ፣ አንድ ቀን በውድድር። ቡድኖቹ በወር የተወሰነ ገንዘብ ለክሊኒኩ ይከፍላሉ፤ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የውድድር ቀኑን አበል ይሸፍናል። ገንዘቡ በክሊኒኩ ደረሰኝ ያልፋል እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም።

ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አምስት ቁጥር ይያዝ፦ ታካሚ የጠበቀበት ደቂቃ፣ ከጉዳት እስከ ምርመራ ያለፈ ቀን፣ ለቁርጭምጭሚት የታዘዘ ራጅና ከዚያ ውስጥ ስብራት የተገኘበት፣ ክትትሉን የጨረሰ ታካሚ ብዛት፣ በሦስት ወር ውስጥ ያው ቦታ እንደገና የተጎዳበት ሰው። ሐኪሙና ወጌሻው በወር አንድ ጊዜ አሥር ካርድ መዘው አብረው ያንብቡ። ወጌሻው ያመለጠው አደገኛ ምልክት ካለ የሦስቱ ዝርዝር ወረቀት በዚያው ቀን ይስተካከል፤ በደንብ የያዘው ሥራ ካለም ከሁለተኛው ዝርዝር ወደ መጀመሪያው ከፍ ይበል።

በስድስተኛው ወር መጨረሻ እነዚህን አምስት ቁጥሮች ከመጀመሪያው የሦስት ወር ደብተር ጋር በአንድ ገጽ አስተያይተው ለወረዳው ጤናና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ያስገቡ፤ ግልባጩ ለአጣዬና ለደብረ ሲና ክሊኒኮችም ይድረስ። ሁለተኛውን ወጌሻ የመቅጠሩ ውሳኔ፣ ሥራውንም ወደ ጀውሃ ትምህርት ቤቶች የማስፋቱ ጉዳይ፣ በዚያ ገጽ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል።